ልጅዎን ከማሳፈርዎ በፊት ሰሌዳውን ይመልከቱ

ገና ጎህ ሲቀድ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መንገዶች በሰው ይሞላሉ። ከዓለም ገና በጅማ መንገድ፣ ከአሸዋ ሜዳ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታም በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ሠራተኛና ተማሪ እጅግ ብዙ ነው። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የእናቶች የማለዳ ሩጫ እንዳለ ነው። ምሳ ዕቃ በአንድ እጅ፣ ልጅ በሌላው ይዛ የሥራ ሰዓት እንዳያልፍባት የምትጣደፍ እናት ፊቷ በቆመው መኪና ዘላ ብትገባ የሚፈረድባት አይደለችም። ነገር ግን ውድ አንባቢያችን፣ ልጅዎን ከማሳፈርዎ በፊት ለአፍታ ቆም ብለው ሁለት ነገሮችን እንዲመለከቱ እንመክርዎታለን። አንደኛው ታርጋው፣ ሁለተኛው ቦሎው ነው።

ሁለቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ታርጋ የሰሌዳው ስም ሲሆን፣ ቦሎ ደግሞ በመነሻው ማኅተም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ተሽከርካሪው ዓመታዊ ምርመራውን ማለፉን የሚያሳየውን በመስተዋት ላይ የሚለጠፍ ምልክት እንጠራበታለን። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 እንደሚደነግገው፣ ያልተመዘገበና ሰሌዳ የሌለው፣ ምርመራውንም ያላለፈ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሊነዳ አይገባውም።

ሰሌዳ ጌጥ አይደለም፤ መኪናው የማን እንደሆነና ለምን ሥራ እንደተፈቀደ የሚናገር ነው። ለረጅም ዓመታት እንደምናውቀው ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት ተሽከርካሪ መለያ ሆኖ ቆይቷል። የሰሌዳው መልክ በየጊዜው ሊሻሻል ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ያው ነው። ሰሌዳው የተፈታ፣ በጭቃ የተሸፈነ ወይም ቁጥሩ የጠፋ መኪና ሲያጋጥምዎ ከሁሉ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባዎት «ነገ ብፈልገው በምን አገኘዋለሁ?» ብለው ነው።

ወደ ምርመራው እንለፍ። ከእንጦጦ አናት ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት በክረምት ዝናብ የወረደች እናት ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልጋትም። በምርመራው ጊዜ የሚፈተሹትም እኒሁ የሕይወት ጉዳዮች ናቸው፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የመሳሰሉት። ለምርመራው ዕለት ብቻ ጎማ ተውሶ ቀርቦ፣ ማግሥቱን ያለቀውን ጎማ መልሶ የሚገጥም ባለንብረት ቢኖር፣ ያታለለው መርማሪውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ሕፃን ጭምር ነው። ስለዚህ ቦሎውን ካዩ በኋላ ጎማውንም ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ጥርሱ አልቆ የለሰለሰ ጎማ ቦሎ ቢኖረውም አይታመንም።

በተለይ ልጆቻችሁን በወርኃዊ ክፍያ በሚኒባስ ሰርቪስ የምትልኩ ወላጆች ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ መስማማት አይገባም። ተሰባስባችሁ የመኪናውን ሊብሬ፣ የዘመኑን ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ የሾፌሩንም መንጃ ፈቃድ አሳየን በሉ። በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከሰሌዳው ጋር መመሳሰሉን አረጋግጡ። ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ሾፌር ይህን በመጠየቃችሁ አይቀየምም።

ሳይታሰብ አደጋ ቢደርስስ? በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ መድን ሳይኖረው እንዳይነዳ ይከለክላል። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ጉዳት ያደረሰው መኪና መድን ያልገባ ከሆነ ወይም ገጭቶ ካመለጠና ካልታወቀ፣ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት የመድን ፈንድ በሕግ ተቋቁሟል። ስለዚህ «መኪናው አምልጧል፤ ምን ይደረጋል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማመልከት ያሻል። ሆኖም ያመለጠውን ሾፌር ለፍርድ ለማቅረብ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የሰሌዳው ቁጥር ነው። በድንጋጤ ጊዜ ሙሉውን መያዝ ካልተቻለ ኮዱንና የመጨረሻዎቹን አኃዞች መያዝም ይጠቅማል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። ልጅዎ የሚመላለስበትን መኪና ሰሌዳ ቁጥር በደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ይጻፉለት፤ አንድ ቅጂም ቤት ያስቀሩ። ቁጥር የለየ ልጅ ከሆነ ጠዋት ከመሳፈሩ በፊት ጮክ ብሎ እንዲያነበው ያለማምዱት። ቁጥሩ የተለየ ዕለት «ይህ የእኛ መኪና አይደለም» ለማለት የመጀመሪያው እርሱ ይሆናል።