«ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው?»

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ሌሎች ቤት ነው። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ቤት እጽፋለሁ። ባለቤቴም ልጄም ጽሑፉን አንብበው ፈቅደውልኛል።

ቤታችን ቆቦ ነው። የራያን ቆላ የምታውቁ ሁሉ ማሽላው ሲያሸት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይመጣል፤ ልጆችም ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት ጀምሮ በወንጭፍ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያ ልጃችንም እንደ እኩዮቹ ማማ ላይ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ምሳውን ይዤለት ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኘው ወፉ ማሽላውን ሲለቅም፣ እርሱ ደግሞ በደብተሩ ላይ ወፉን ሲሥል ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ «አባዬ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ሥነ ጥበብ መማር እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም «ሥዕል ደግሞ ሥራ ነው?» አልሁት። በልቤ የነበረው ግን ስለ እንጀራ ማሰብ ብቻ አልነበረም። በወንጌላውያን ቤት ያደግሁ እንደ መሆኔ፣ ስለ ምስል የተሰጠው ትእዛዝ ትዝ ይለኝና ሥዕል ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ይመስለኝ ነበር። እናቱ ግን አበረታታችው፤ ሄደም።

በሁለተኛው ዓመት በኮምፒውተር መሣል ጀመረ። ለዚህም ሥራ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ጠፍጣፋ ሰሌዳና ልዩ ብዕር ያስፈልጋል። ሰሌዳው የእጅን ጫና ስለሚለይ፣ ብዕሩን ጫን ሲሉት መስመሩ ይወፍራል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ይቀጥናል። ልጄ ይህን ዕቃ እንድገዛለት ለመነኝ፤ አልገዛም አልሁ። ባለቤቴም ዕቁብ ሲደርሳት ሳትነግረኝ ገንዘቡን ላከችለት። ዕቁቡ እንደ ደረሳት የሰማሁት ከዕቁቡ ዳኛ ነው፤ ያውም ገበያ መካከል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ በቤታችን የሆነውን ባለትዳር ሁሉ ይገምታል። ለአሥራ አምስት ቀን ከአንድ ገበታ እየበላን አልተነጋገርንም። እሑድ ግን ጎን ለጎን ቆመን እንዘምር ነበር! በመጨረሻም ለልጄ ደወልሁና «ከእንግዲህ ያንን ነገር ይዘህ በዚህ ደጃፍ እንዳትደርስ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ይህ የሆነው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ነበር። ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። መብራትም ስልክም ባንክም ተቋረጠ። በከተማችን በብዙ ቤት ሐዘን ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ልጃችን በሕይወት መኖራችንን አላወቀም፤ እኛም የእርሱን ደኅንነት አላወቅንም። በየሌሊቱ የሚመላለስብኝ ጦርነቱ ብቻ አልነበረም። ለልጄ የተናገርሁት የመጨረሻ ቃል ያ ከሆነስ? እያልሁ እጨነቅ ነበር።

አንድ ማታ በኩራዝ ብርሃን ለጸሎት ተንበርክከን ሳለን ባለቤቴ «ደብቄህ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለችኝ። እኔም «አንቺ እንድትደብቂ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ፤ የምትነግሪኝ በር አልተውሁልሽም» አልኋት። ጌታ በቤታችን ሥራውን የጀመረው በዚያ ማታ ነው።

መንገድ ሲከፈት ልጃችን መጣ። ደጃፍ ላይ ቆሞ አላለፈም፤ የከለከልሁትን አልረሳም ነበርና። ሄጄ አቀፍሁት፤ ይቅርታም ለመንሁት። ከዚያም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያሳለፈውን አምስት ወር አሳየን።

ቀን ቀን የሚሠራው የክፍል ሥራውን ነበር። ከጥቁርና ከነጭ መካከል ባሉት ግራጫዎች ብቻ እንቁላልና ስኒ መሣል፣ ርቆ ያለው እንዴት እንደሚያንስ ቤቶችን በመሥመር መለካት፣ የሰው እጅ ደግሞ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ መሣል። ኮምፒውተሩ ይሥልለታል ብዬ ነበር፤ ተሳስቼአለሁ። ማሽኑ የተሳሳተን መስመር በአንድ ጊዜ ያጠፋል እንጂ ትክክለኛውን አያወጣም። እጅ መሣል ያልተማረ ሰው ብዕሩ ውድ ቢሆንም እጅ አይሥልም።

ማታ ማታ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ከቤታችን የሚያስታውሰውን አንድ በአንድ ይሥላል፦ የዞብልን ተራራ፣ እናቱ እንጀራ ስትጋግር፣ ታናሽ እህቱን፣ ማማውን። በአንደኛው ሥዕል ምሳ ይዤ ወደ ማማው ስመጣ አየሁ። ፊቴ አልተቆጣም። «አባዬ፣ የማስታውስህ እንደዚህ ነው» አለኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንመለስ። ስለ ምስል የተሰጠው ትእዛዝ በዘጸአት 20 አለ። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 31 ላይ ግን እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ እንደ ሞላውና የእጅ ጥበብ እንደ ሰጠው፣ ኤልያብንም ረዳት እንዳደረገለት እናነባለን። በመጽሐፍ ቅዱስ በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ መጀመሪያ የተጻፈለት ሰው ባለ እጅ ነው፤ ይህን ለብዙ ዓመት አንብቤ አላስተዋልሁም። በምዕራፍ 32 ሕዝቡ የጆሮ ጉትቻውን አውልቆ ጥጃ አሠራ፤ በምዕራፍ 35 ደግሞ ጉትቻውን ለማደሪያው ድንኳን በፈቃዱ አመጣ። ወርቁም ጥበቡም በሁለቱም ቦታ ነበረ፤ የተለየው ለማን እንደ ዋለ ነው።

ከእኛ በፊት ከነበሩ ወንጌላውያንም መካከል ሥዕልን ያልጣሉ ነበሩ። ማርቲን ሉተር በ1522 እ.ኤ.አ. አዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ ሲያሳትም፣ የራእይን መጽሐፍ ያጀቡት በሉካስ ክራናኽ የሥዕል ቤት የተዘጋጁ 21 የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ናቸው። በአገራችንም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመሠረቱ ጀምሮ፣ ብዙ ወጣቶች ሥዕልን እንደ ሙያ ተምረዋል።

ልጃችን በመጣ ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ይማሩ ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው በረዶ ነው፤ ልጆቹ ግን «ጥጥ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጄ ይህን ሰምቶ ዳዊትን ሣለ። ፊቱ የእኛ አገር እረኛ ፊት ነው፤ በእጁም ወንጭፍ ይዟል። የሠራው ክሪታ በሚባል ያለ ክፍያ በሚገኝ ፕሮግራም ነው። ሰማዩን፣ ማሳውንና ዳዊትን እንደ ስስ ወረቀት በተነባበሩ ገጾች ለየብቻ ስለሚሥል፣ አንዱን ሲያርም ሌላው አይበላሽም። አንድ ቀን መብራት ድንገት ሲጠፋ ያላስቀመጠው የሦስት ሰዓት ሥራ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረው። ሲታተምም መጀመሪያ ጠቆረ። ለካ ስክሪን ቀለምን የሚያወጣው ከብርሃን ነው፤ ማተሚያ ግን ከአራት ቀለሞች፤ ለኅትመትም በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ያስፈልገዋል። ይህንንም አርሞ ደገመው።

ሥዕሉ በተሰቀለ እሑድ አንድ ሕፃን ብድግ ብሎ «እኔም እንደዚህ ወንጭፍ አለኝ!» አለ። በዚያ ቀን ለልጆቹ የጎልያድ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አልነበረም።

ወላጆች ሆይ፣ ከእኔ ስሕተት ሦስት ነገር ውሰዱ።

1ኛ/ ሳታዩ አትፍረዱ። ልጃችሁ በስክሪን ፊት ሲያመሽ «ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ከመቆጣት ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «አሳየኝ» በሉት። ጊዜ ማባከንና መማር ያን ጊዜ ይለያሉ።

2ኛ/ ባልና ሚስት ገንዘብ አትደባበቁ። ሚስት ወይም ባል የሚደብቀው ብዙ ጊዜ የሚሰማ ጆሮ ስላጣ ነው፤ መደበቁ ግን ትክክል አይሆንም። በዕቁቡም በደመወዙም ላይ አብራችሁ ጸልዩ፣ አብራችሁ ወስኑ።

3ኛ/ በቁጣ ስልክ አትዝጉ። ቀጣዩ ጥሪ መቼ እንደሚሆን አታውቁም።

እናንተም ተማሪዎች የክፍል ሥራችሁን አትናቁ፤ እንቁላልና ስኒ ያልተማረ እጅ ዳዊትን መሣል አይችልም። የልባችሁንም ሥራ አትተዉ።

ለባልና ሚስት መወያያ፦ በልጆቻችን ውስጥ ጌታ ያስቀመጠው ምን ስጦታ አለ? አንዳችን ለሌላችን ያልነገርነው ወጪ አለን? ዛሬ ልንደውልለት የሚገባን ልጅ ማን ነው?

ባስልኤልን በስሙ የጠራ ጌታ የልጆቻችሁንም እጅ ይባርክ። አሜን።