መነጽሬን ረሳሁት

«አዲስ ቤት ተከፍቷል፣ አልሰማህም?» ይህች ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣ ሆናለች። አንድ ሰሞን ቦሌ ነው፣ ሌላ ሰሞን ሳር ቤት፣ ከዚያ ሲኤምሲ። እኔና ሁለት ጓደኞቼም የዚሁ ልማድ ምርኮኞች ነን። በወር አንድ ቅዳሜ አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት ወይም መጠጥ ቤት መርጠን እንገባና «እናሟሻለን»። አዲስ ድስት ሳይሟሽ ወጥ ይሠራበታል እንዴ? ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰነዝረውን ወቀሳ የዳር ተመልካች ወቀሳ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ከፍያለሁ።

በቅርቡ ታላቅ እህቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። እትዬ ነው የምላት። ሃያ ዓመት ምግብ ቤት ከፍታ፣ ጥብስና ቁርጥ ሸጣ እኔን ዩኒቨርሲቲ ያደረሰችኝ ሰው ናት። «ዕድሜ ልክሽን ስታበዪኝ ኖረሻል፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው» ብዬ አንድ አዲስ ቤት ወሰድኳት። ቤቱ ያምራል፤ ሐሰት አልናገርም። ወንበሩ ይመቻል፣ አስተናጋጆቹ ፈገግታ አይነፍጉም። ሜኑው መጣ። ሽፋኑ ቆዳ፣ ውፍረቱ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ ያህላል። ገለጥነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንግሊዝኛ ነው። ለመድኃኒት እንኳ አንዲት ፊደል የለችበትም።

እትዬ ሁለት ሦስት ገጽ ገለበጠችና መልሳ ዘጋችው።

«መነጽሬን ረሳሁት፤ አንተ ያዘዝከውን እበላለሁ» አለችኝ።

መነጽሯ በክር ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እትዬ ፊደል የማትለይ ወጣት ነበረች። ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደውን ያንን ዘመቻ ስለ ዘመኑ ያለን አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ እትዬን ከመሃይምነት ያወጣት እሱ ነው። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን «ሀ ሁ»ን ስትቆጥር እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ አርማታለሁ። ኋላ ምግብ ቤቷን ስትከፍት የምግቡን ዝርዝርና ዋጋ በገዛ እጇ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ የሰቀለችው እሷ ናት። ይህቺ ሴት ናት እንግዲህ፣ በገዛ አገሯ ዋና ከተማ፣ የገዛ ወንድሟ ፊት፣ በአንድ ሜኑ ምክንያት እንደገና መሃይም ሆና የተቀመጠችው።

እኔስ? እኔማ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው አይደለሁ? እንዴት አላውቅም እላለሁ! «ካርፓቾ» የሚል አየሁ፤ ድምፁ ደስ አለኝና አዘዝኩ። ለነገሩ አስተናጋጁን «ምንድነው እሱ?» ብዬዋለሁ። «ያው... የሥጋ ነገር ነው ፋዘር፣ ሰው ይወደዋል» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ለሱም ማንም አልነገረውም።

መጣ። በሰፊ ነጭ ሳህን ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥሬ ሥጋ፣ ከላዩ ሦስት ቅጠል። እትዬ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄማ ቁርጥ ነው!» አለች። ቀመስ አደረገችና፣ «ሥጋው ደህና ነው፤ አቆራረጡ ግን የስስታም ነው። ሚጥሚጣም አላመጡለት።»

ኋላ ሳነብ ነገሩ ከጣሊያን የመጣ ሆኖ አገኘሁት። ቬኒስ ውስጥ የሃሪስ ባር ባለቤት የነበረው ጁሴፔ ቺፕሪያኒ በሠዓሊው በቪቶሬ ካርፓቾ ስም የሰየመው ምግብ ነው። መልካም። እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጥሬ ሥጋ ከማንም በላይ የምታውቀው እትዬ ነበረች። ጥሬ ሥጋ ማዘዝ ያልቻለችውም እሷው ነበረች።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁን አነጋገርኩት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? በአማርኛ ‹ስስ ጥሬ ሥጋ› ብዬ ብጽፈው ይሄን ዋጋ ማን ይከፍለኛል?» አለኝ።

ስለ ሐቀኝነቱ አመሰገንኩት። ነገሩ እዚህ ላይ ነውና! የምንከፍለው ለሥጋው ብቻ አይደለም፤ ላልገባን ነገር ጭምር ነው። ምግቡ በገባን ቁጥር ዋጋው አይገባንም። ስለዚህ እንዳይገባን ተደርጎ ይጻፋል። በሜኑው ግርጌ በደቃቃ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈችውን ማስታወሻም እትዬ አላነበበቻትም። 10 በመቶ የመስተንግዶ፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትላለች። 1,000 ብር የተባለው 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። ይህንን ሒሳብ ከፋዩ በማያነበው ቋንቋ መንገር ጨዋነት ነው ወይስ ብልጠት?

«ለሜኑውማ ቋንቋ የለንም፤ ምግቡ የውጭ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ የተውሶ ቃል ጠላት አይደለሁም፣ የቋንቋ ፖሊስም አይደለሁም። አማርኛ በምግብ ነገር ከጥንትም ተበዳሪ ነው። ሹካና ፉል ከዓረብኛ መጥተዋል። ሉካንዳ በጣሊያንኛ ማደሪያ ቤት ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሥጋ ተሰቀለበት። «ቡና ቤት» ብለን ሰይመን ቢራ እንጠጣበታለን፤ ቡናውን ኬክ ቤት ሄደን እንጠጣለን። ማኪያቶም የጣሊያን ነው፤ ግን «ጠቆር ይበልልኝ» ብሎ ለማዘዝ ማን ጣሊያንኛ ተማረ? ቶሞካ ስሙ ራሱ የጣሊያንኛ ምህጻረ ቃል ነው፤ ቆሞ ቡናውን ሲጠጣ የሚያፍር ሰው ግን አላየሁም። የተዋስነውን ቃል በፊደላችን ጽፈን፣ በአፋችን አላምጠን የራሳችን አደረግነው። አሁን የያዝነው ግን መዋስ አይደለም። ራስን ከገዛ ማዕድ ማባረር ነው።

«ከተማዋ የዲፕሎማቶች ከተማ ናት፣ እንግዳ ይመጣል» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ከተመሠረተባት ጀምሮ አዲስ አበባ እንግዳ ተቀባይ ናት። እንግሊዝኛው ይጥፋ ያለ የለም። ከጎኑ አማርኛ ይጻፍ ነው። አፋን ኦሮሞም ቢጨመርበት እሰየው፤ ቀለም አይጎድል! እንግዳውን አክብሮ ባለቤቱን የሚያሳፍር መስተንግዶ የት አገር ነው ያለው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኛ ግን ንቀቱን የጀመርነው ራሳችን ነን።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ አሮጌ ምግብ ቤቶች አብረው ሄዱ። ስለ ንጽሕናቸው ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን ብዙዎቹ የታተመ ሜኑ እንኳ አልነበራቸውም። «ምን አለ?» ትላለህ። አስተናጋጇ በአንድ ትንፋሽ «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ምንቸት፣ ዱለት፣ ሽሮ፣ በያይነቱ» ብላ ታወርድልሃለች። ያልገባህን ትጠይቃለህ፣ ቅቤ ይቀነስ፣ ቃሪያ ይጨመር ትላለህ። የተማረውም ያልተማረውም ምን እንደሚበላ አውቆ ይበላል። በነሱ ምትክ የሚነሡት ቤቶች ለማን እንደሚነሡ ማወቅ ብትፈልጉ ሕንፃውን አትዩ፤ ሜኑውን ክፈቱ።

ጥፋቱ ደግሞ የባለ ምግብ ቤቶቹ ብቻ አይደለም፤ የኛም የ«ተማርን» ባዮቹ ነው። እኔ ካርፓቾ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው አንገቴን ነቅንቄ አዝዣለሁ። እትዬ መነጽሬን ረሳሁት ብላ ዋሸች፤ እኔ ደግሞ መነጽሬን አድርጌ ዋሸሁ። የማን ይብሳል? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልኩ ተማሪ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድ ሳህን ፊት መጠየቅ አፈርኩ።

ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ አዲስ ቤት ማሟሸታችንን አልተውንም፤ አንድ ደንብ ጨምረናል። ከመቀመጣችን «የአማርኛው ሜኑ ይምጣልን» እንላለን። የለም ከተባልን አስተናጋጁን በትሕትና «እንግዲያው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ አንብብልን፣ እያንዳንዱም ምን እንደሆነ ንገረን» እንላለን። ችኮላ የለብንም። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ቤት ምንባቡ ሩብ ሰዓት ወሰደ፤ ሥራ አስኪያጁም መጥቶ አብሮን ሰማ። እናንተም ሞክሩት። አሥር ጠረጴዛ በአንድ ምሽት እንዲህ ቢጠይቅ፣ በነጋታው ማተሚያ ቤት የማይሄድ ነጋዴ ካለ እኔ ልቀጣ።

እትዬ ለፋሲካ ትመለሳለች። ያን ዕለት መነጽሯን እንድታደርገው እፈልጋለሁ።