የጢስ ማውጫው ቱቦ በኮርኒስ የሚያልፍበት ቦታ

ስለ ማእድ ቤት ጢስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ዓይናችንና ስለ ሳንባችን ነው። በሦስት ጉልቻ ፊት ጎንበስ ብላ ያደገች ሴት የጢስን ጉዳት ማንም እንዲነግራት አትፈልግም። ጢሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ ያሠራችሁም በመልካም አደረጋችሁ። ዛሬ የምናወያያችሁ ግን ጢሱ ሲወጣ ቱቦው ላይ ስለሚተወው ሙቀትና ስብ ነው።

በጂንካ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት የምትሠራ ወጥ ሠሪ ነገሩን በእጇ እያመለከተች አሳየችን። ከምድጃው በላይ የላሜራ ቆብ ተደፍቷል። ከቆቡ የተነሣው ቱቦ ኮርኒሱን በስቶ ከቆርቆሮው ጣራ በላይ ይወጣል። በቀዳዳው ዙሪያ ዝናብ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ የማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅጥቋል። የኮርኒሱ ቺፑድ ቱቦውን ተከትሎ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው እርሷና ሁለት ልጆቿ የሚያድሩበት ክፍል ሲሆን ኮርኒሱ ከማእድ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። «ሌሊት የተቃጠለ ነገር የሸተተኝ ሲመስለኝ እየተነሣሁ አያለሁ፣ እህቴ» አለችን።

የሸተታት በከንቱ አይደለም። እንጨት በተለመደው ሁኔታ እሳት ለመያዝ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ከትኩስ ቱቦ ጋር ተጠግቶ ለወራትና ለዓመታት ሲጠበስ የኖረ እንጨት ቀስ በቀስ ወደ ከሰልነት ስለሚለወጥ፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለሆነም «አምስት ዓመት ሲሠራ ምንም አልሆነም» የሚለው አነጋገር ማስተማመኛ አይሆንም፤ እንዲያውም አምስቱ ዓመት ራሱ እንጨቱን ሲያዘጋጀው ቆይቷል። በዚህ ላይ በቱቦው ውስጥ የተጋገረው ስብና ጥቀርሻ አንድ ቀን እሳት ከያዘ፣ በውስጡ ያለው ሙቀት 1000 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ጆንያውና ቺፑዱ አይጠየቁም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በትልልቅ ሆቴሎች ቱቦውን እሳት በሚቋቋም መጠቅለያ መሸፈን የተለመደ ነው። መጠቅለያው ከቀለጠ አለት ተፈትሎ የሚሠራ፣ ጥጥ የሚመስል ነገር ሲሆን ሮክ ዉል ይባላል፤ ለማቅለጥ ከ1000 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ከሴራሚክ የሚሠራም አለ። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊታቸው አሉሚኒየም ለብሰው በጥቅል ይሸጣሉ። ነጋዴ ግን ለስላሳና ነጭ የሆነውን ሁሉ «ያው ነው» ሊላችሁ ይችላልና አትቀበሉ። የመስታወት ጥጥ፣ ማለትም ፋይበር ግላስ፣ ለቀዝቃዛ ቱቦ እንጂ ስብ ለሚያልፍበት ቱቦ የሚበቃ አይደለም። ስፖንጅማ ጭራሹን እሳት ጠሪ ነው። በጥንት ሕንፃ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ አስቤስቶስ ካጋጠማችሁ አትንኩት፣ አትፋቁት፣ አትጥረጉት፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰርን ያመጣል።

ሲጠቀለል በመጀመሪያ ቱቦው ከስብ ይጸዳል፤ መገጣጠሚያዎቹም ይደፈናሉ። ከዚያ አሉሚኒየሙ ወደ ውጭ ሆኖ ይለበሳል። ሁለተኛው ድርብ የመጀመሪያውን መገናኛ እንዲሸፍን እየተደረገ፣ ጫፍና ጫፉም ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተደራረበ በብረት ማሠሪያ ወይም በሽቦ ይጠፈራል። በገመድ ወይም በፕላስቲክ ፕላስተር የታሠረ መጠቅለያ ሙቀቱ ሲመጣ ማሠሪያው ቀልጦ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ መጠቅለያው በኮርኒሱ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቋረጥ ማለፍ አለበት። ሠራተኞች ቦታው ጠበባቸውና ልክ ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ የሚያቋርጡት ብዙ ነው፤ እዚያ ከተቋረጠ የቀረው ልፋት ሁሉ ለጌጥ ነው። ብናኙ ቆዳና ጉሮሮ ስለሚያሳክክ እጅጌ ያለው ልብስና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ልጆችም ይራቁ።

መጠቅለያው በአቅራቢያችን አይገኝም፣ ወይም ኪሳችን አይችለውም የምትሉ እናቶች እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ያልተጠቀለለ ቱቦ ከእንጨት፣ ከቺፑድና ከአቡጀዴ ኮርኒስ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመከራል፤ ስለዚህ ኮርኒሱንና የሚነካውን ማገር አስቆርጡ። ቆርቆሮ ሠሪው ከቱቦው የሰፋ ሌላ የላሜራ እጀ ጠባብ ያጥልቅበት፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ቦታ ባዶ ይሁን። አየር እየተመላለሰበት ያበርደዋልና በጆንያም፣ በጨርቅም፣ በጋዜጣም (ይህንኑም ጋዜጣ ቢሆን) አትጠቅጥቁት። ዝናቡን የሚከለክለው ከጣራው በላይ በቱቦው አንገት ላይ የሚደፋ የቆርቆሮ ቆብ ነው። ከምድጃው ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ምርጉ ተሰንጥቆ እንጨቱ ከታየ፣ ጭድ ባልበዛበት ጭቃ ወዲያው ይመረግ።

በጂንካ ዙሪያ ባሉት የአሪ መንደሮች እንደሚደረገው፣ በቆሎውን ነቀዝ እንዳይበላው ከእሳት በላይ የምትሰቅሉ፣ ደረቅ የእንሰት ቅጠልም ማእድ ቤት ውስጥ የምታኖሩ አላችሁ። ልማዱ ጥበብ አለው፤ ክፉ አንልም። ቱቦ ከገባ በኋላ ግን ጢሱ በጣራው ሥር ስለማይውል በቆሎው እዚያ ተሰቅሎ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ከቱቦው ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት።

መጠቅለያ ስብን አያጠፋም። ቱቦው ለጽዳት የሚከፈት በር ይኑረው፤ በየቀኑ የሚጠበስበት ምግብ ቤት ከሆነ በየጥቂት ወሩ ይታይ። ጣት አስገብታችሁ ወፍራም ስብ ከተጣበቀባችሁ ጊዜው አልፏል። በምጣድ ላይ ዘይት ከነደደ ክዳን ድፉበት፣ እሳቱን አጥፉ፤ ውኃ ፈጽሞ አትድፉበት። በቱቦው ውስጥ ከነደደ ደግሞ ቬንትሌተሩን አጥፍታችሁ ልጆቹንና ሠራተኛውን ሁሉ አስወጡ፤ ጣራ ላይ አትውጡ።

የወጪው ነገር ይቀራል። በሰው ምግብ ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች ይህን በገዛ ደመወዛችሁ እንድታሠሩ አይጠበቅባችሁም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ቦታን ደኅንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ወጥ ሠሪዋ ይህን ስንነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ «ብናገር ሥራውን ቢያስለቅቀኝስ?» ስትል ጠየቀችን። ስጋቷ እውነት ነው። አብረዋት ከሚሠሩት ከሦስቱ ሴቶች ጋር ሆና፣ ባለቤቱን ኮርኒሱ ሥር አቁማ እንድታሳየው ተስማማን። ጆንያውን ግን ምድጃው በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በዚያው ዕለት ከመሰላል ላይ ሆና አወጣችው፤ ከቱቦው ጋር የተነካካው ጠርዙ ቀልጦ ደርቆ ነበር።