የንዑስ ተቋራጩ ሂሳብና የዋናው ተቋራጭ ፈቃድ

(ሐተታ)

መቐለ፦ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የምትገኘው ዓይናለም ለበርካታ ዓመታት የምትታወቀው የመቐለ ከተማ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ በሚያገኙባቸው ጥልቅ ጉድጓዶቿ ነው። ቀድሞ በእንደርታ ወረዳ ሥር የነበረችው ይህች አካባቢ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ የመቐለ አካል ሆናለች፤ ከከተማነቱም ጋር ግንባታው መጥቷል።

በማንኛውም የመንግሥት ግንባታ በር ላይ በሚቆመው ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስሞች ይነበባሉ፦ አሠሪው መሥሪያ ቤት፣ አማካሪ መሐንዲሱና ሥራ ተቋራጩ። ድንጋዩን የሚጠርበው፣ ብረቱን የሚያስረው፣ ብሎኬቱን የሚያቀርበው፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ መስመሩን የሚዘረጋው ግን በሰሌዳው ላይ ስም የለውም። በኖራ ድንጋይ ግንቧ በምትታወቀው መቐለ ከጠራቢውና ከግንበኛው እጅ ያልወጣ ግንባታ ማግኘት ያስቸግራል። የሚከፈለውም በመጨረሻ ነው፤ ካልተከፈለው ደግሞ አቤቱታውን ተቀብሎ የሚያየው የመንግሥት አካል የትኛው እንደሆነ በግልጽ አይታወቅም።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ንዑስ ተቋራጭ የ600 ሺህ ብር የሳኒተሪ ሥራ አጠናቀቀ እንበል፤ ዕቃውን የገዛው በዱቤ ነው። አማካሪው ሥራውን ለክቶ በዋናው ተቋራጭ የክፍያ ሰርተፍኬት ውስጥ ያካትተዋል፤ አሠሪው ይከፍላል። ገንዘቡ ግን በዋናው ተቋራጭ ሂሳብ ከገባ በኋላ ለሌላ ፕሮጀክት ሲሚንቶ ወይም ለባንክ ዕዳ ሊውል ይችላል። ንዑስ ተቋራጩ ቀን የተጻፈለት ቼክ ይሰጠው ይሆናል። ቼኩ ስንቅ ከሌለው በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ተፈጻሚ ይሆናል፤ ቼክ ያልተሰጠው ግን ያለው አማራጭ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ክሱ በሚጓተትበት ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ራሱ ዋጋ ያጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። ከዚያ በፊት ከውጭ የመጣ ቧንቧ ገጥሞ ከዚያ በኋላ በአሮጌው ዋጋ የተከፈለው ሰው ሙሉ ሂሳቡን ተቀብሎም ከስሯል።

ክፍተቱ የሚመነጨው በከፊል ከሕጉ አወቃቀር ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1952 ውል በመርሕ ደረጃ የሚጸናው በተዋዋይ ወገኖች መካከል ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ንዑስ ተቋራጩ ሥራውን የሠራው ለመንግሥት ሕንፃ ቢሆንም ባለዕዳው ዋናው ተቋራጭ እንጂ አሠሪው መሥሪያ ቤት አይደለም። የመንግሥት ግዥ ሕጉም፣ የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016፣ በዋናነት የሚመለከተው በመንግሥት አካልና በአቅራቢው መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። የንዑስ ተቋራጩ አቤቱታ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

የቀረው መሣሪያ ፈቃዱ ነው። በአገራችን ሥራ ተቋራጮች በጠቅላላ፣ በሕንፃና በመንገድ ዘርፎች ተለይተው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 ይመዘገባሉ፤ የብቃት ማረጋገጫቸውም በየጊዜው ይታደሳል። በእድሳት ወቅት በዋናነት የሚታየው ተቋራጩ ምን ያህል ባለሙያና መሣሪያ እንዳለው፣ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ነው። የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ደግሞ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል። መንግሥት የራሱን ገንዘብ ለማስከበር ፈቃዱን እንደ መያዣ ይጠቀምበታል ማለት ነው። ያንኑ ጥያቄ ለጠራቢውና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሲል የማይጠይቅበት አሳማኝ ምክንያት ለጸሐፊው አይታየውም።

ይህን ያደረጉ አሉ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በጽሑፍ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ዋናው ተቋራጭ ክፍያ በተቀበለ በ7 ቀናት ውስጥ የንዑስ ተቋራጩን ድርሻ እንዲከፍል ሕግ ያስገድደዋል። አላግባብ የያዘ ተቋራጭ በወር 2 በመቶ ቅጣት ይታሰብበታል፤ ጥሰቱም ፈቃድ ሰጪው ቦርድ የዲሲፕሊን እርምጃ እንዲወስድ ምክንያት ይሆናል። በሥራው ጥራት ላይ ቅን ክርክር ካለ ግን ተቋራጩ አከራካሪ ከሆነው ገንዘብ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ መያዝ ይፈቀድለታል። የሕጉ ቁም ነገር ግዴታውን የሚያስጀምረው ሥራው መጠናቀቁ ሳይሆን ገንዘቡ በተቋራጩ እጅ መግባቱ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ለመቐለ ከማንኛውም ከተማ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ጥቅምት 2013 ዓ.ም በተጀመረው ጦርነት በክልሉ ፕሮጀክቶች ቆሙ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም ጀምሮ የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ እንደገና መመለስ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሰርተፍኬቱ ጸድቆ ገንዘቡ ያልተለቀቀለት ተቋራጭና ገንዘቡን ተቀብሎ የደበቀ ተቋራጭ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይችሉም። የመጀመሪያውን ፈቃድ መሰረዝ ንዑስ ተቋራጩን ጨርሶ ተስፋ ማስቆረጥ ነው፤ የተዘጋ ድርጅት ዕዳ አይከፍልምና። ተቋራጩን ከመቅጣቱ በፊት አሠሪው መሥሪያ ቤት የራሱን የክፍያ መዝገብ መግለጥ ይኖርበታል። ይህ ለአንዳንድ ኃላፊዎች የሚጎረብጥ ቢሆንም መታለፍ የለበትም።

ሌላው ችግር ማስረጃ ነው። የእጅ ዋጋ ስምምነት ብዙ ጊዜ በቃል ይፈጸማል። ሕጉ በመርሕ ደረጃ የቃል ውልን ቢቀበልም፣ የልኬት ወረቀት በእጁ የሌለው ጠራቢ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ዘንድ ቀርቦ ምን ሊያሳይ ይችላል? ለዚህ መፍትሔው ከፈቃድ ሰጪው ይልቅ በግንባታው ቦታ ባለው መሐንዲስ እጅ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የውል ሁኔታ በአሠሪው ለተመረጠ ንዑስ ተቋራጭ መሐንዲሱ ቀጣዩን ሰርተፍኬት ከመስጠቱ በፊት የቀደመው ክፍያ ስለመድረሱ ማስረጃ እንዲጠይቅ፣ ማስረጃ ካልቀረበም አሠሪው በቀጥታ እንዲከፍል ያስችላል። ዋናው ተቋራጭ በራሱ የቀጠረውን ግን ይህ አንቀጽ አይሸፍነውም፤ በዓይናለም ድንጋይ የሚጠርበው ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። አንቀጹን ለእርሱም ለማዳረስ የውል ሰነዱን የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት አንድ ልዩ ሁኔታ ማከል ይበቃዋል።

ቀጥታ ክፍያ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተጀምሮ መቐለን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች በተስፋፋው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም፣ ብሎኬት፣ ተገጣጣሚ ቢም፣ በርና መስኮት የሚያመርቱ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ከፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶች ጋር በቀጥታ ይዋዋሉ ነበር። ያ አሠራር የራሱ ጉድለቶች ነበሩበት፤ ሆኖም የማኅበሩ ሂሳብ በተቋራጩ ኪስ በኩል እንዲያልፍ አላስገደደም።

እርምጃው ደረጃ በደረጃ ቢሆን ተፈጻሚነቱ ይቀላል፦ በመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የመክፈያ ቀነ ገደብ፣ ቀጥሎ ከአዳዲስ ጨረታዎች መታገድ፣ ከዚያ እድሳት መከልከል፣ ስረዛ ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ ስለመያዙ በሰነድ ለተረጋገጠበትና ለደጋገመው ብቻ። የንግድ ፈቃድ እድሳት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ከዚያ በፊት በፌዴራልና በክልል ያሉ መዝጋቢ አካላት በእድሳት ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይችላሉ፦ በበጀት ዓመቱ የተቀበሉት ክፍያ፣ ከዚሁ ውስጥ ለንዑስ ተቋራጮች የከፈሉት፣ ያልከፈሉትና ምክንያቱ።