ጨካኙ ኦስካሩ አይደለም

ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ ካፌም ሳሎንም ውስጥ አኳሪየም ማየት ብርቅ አይደለም። እሱን አልቃወምም። የምቃወመው ኦስካር የሚባለውን አዳኝ ዓሣ ገዝቶ፣ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ እየጣሉለት ቪዲዮ መቅረጽን ነው።

"ቲቸር፣ ዓሣ ዓሣ ቢበላ ምን አለበት? ተፈጥሮው ነው" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን የኦስካር ተፈጥሮ አማዞን ነው እንጂ የመስታወት ሣጥን አይደለም። እዚያ ታዳኙ ሣር ውስጥ ይደበቃል፣ ያመልጣል። እናንተ ሳሎን ውስጥ የት ይግባ? ይሄ አደን አይባልም። ለኦስካሩም አይጠቅመውም፤ የሚጣልለት ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ደረቅ የዓሣ ምግብ እያለ ይሄ ሁሉ ለላይክ ነው።

ደግሞ ስትገዙት ጣት አያክልም። በደንብ ከተያዘ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። ለአንዱ ብቻ 300 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ሙሉ ማለት ነው። ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ሙቀቱም 25 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በኅዳር ሌሊት መብራት ሲሄድ ማሞቂያውም ማጣሪያውም ቀጥ ይላል። ያኔ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል፣ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን መጨረሻው ነው። ሲያድግና ሲሰለች "ነፍስ አለው፣ አልገድለውም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ልልቀቀው" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጽድቅ ይመስላል። እስቲ አስቡት፦ ብርዱን ካልቻለ ቀስ ብሎ እንዲሞት ልካችሁታል። ከቻለውና ከተራባ ደግሞ የባሰ ነው። ናይል ፐርች በእኛው ጫሞ ሐይቅ በተፈጥሮው የሚኖር አዳኝ ነው፤ እዚያ ችግር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰዎች ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጨምሩት ግን፣ በ1980ዎቹ ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች እንዲጠፉ ዋና ምክንያት ሆነ። እኛም ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች አሉን። በማን ሐይቅ ነው ቁማር የምንጫወተው?

ስለዚህ ቦታውም አቅሙም ከሌላችሁ አትግዙ። የገዛችሁ፣ ካቃታችሁ ለሻጩ መልሱት ወይ ማሳደግ ለሚችል ስጡ። ወንዝና ሐይቅ ግን በፍጹም! ቪዲዮውንም ላይክ አታድርጉ።

የተማረ ሰው ቢያንስ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቃል። ኮመንት ላይ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ።