መዋጮው ቀድሞ፣ ድጎማው ዘግይቶ

ስደተኛው ወደ አሜሪካ የሚጎርፈው ድጎማ ፍለጋ ነው የሚለው ክስ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ይሰማል። ሕጉ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሙት ሕግ፣ አብዛኛው አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤት ፉድ ስታምፕ የተባለውን የምግብ ድጎማና ሜዲኬይድ የተባለውን የሕክምና ድጎማ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በዲቪ ሎተሪ የገባ ጎልማሳም ከዚሁ አያመልጥም። መዋጮው ግን አምስት ዓመት አይታገስም፤ ተቀጣሪው ገና በመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀቱ ላይ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ፣ 1.45 በመቶ ደግሞ ለአረጋውያን የጤና መድን ለሜዲኬር ተቆርጦ ያገኘዋል። ጡረታውን ለመቀበልም በጥቅሉ አሥር ዓመት ያህል መሥራት ይኖርበታል።

“ታዲያ ወጪ የለውም ወይ?” የሚል ቢኖር፣ አለው። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት፣ የመጀመሪያው ትውልድ ስደተኛ በግዛቶችና በአካባቢ አስተዳደሮች ላይ ጫና እንዳለው አልሸሸገም። ዋናው ምክንያት ግን ልጆቹን ማስተማር ነው። እነዚያው ልጆች ሲያድጉ ከጠንካራዎቹ ግብር ከፋዮች ተርታ እንደሚሰለፉም ያው ጥናት ያሳያል። ዘር የሚዘራ ገበሬ ጎተራውን ያጎደለ ይመስላል፤ የሚፈረድበት ግን አዝመራው ሲሰበሰብ ነው። የሚያጭበረብር ካለ በሕግ ይጠየቅ። ድጎማ መጠቀም የመኖሪያ ፈቃዴን ያሳጣኛል በሚል ስጋት የታመመ ልጁን ከክሊኒክ የሚያስቀር ወላጅ እንዲበራከት ማድረግ ግን ቁጠባ አይደለም፤ ዛሬ በትንሽ ገንዘብ የሚታከመውን በሽታ ነገ በድንገተኛ ክፍል በውድ ማከም ነው።