ወረቀቱ «ኖርማል» ሲል አትመኑት

ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለተማሪዎች አይደለም። ፀጉራችን ለሸበተውና ስንሳሳት ደፍሮ የሚያርመን ለጠፋው ለእኛው ነው። ልብ እያዳንን ኩላሊት እየጣልን ነው። ቫልቩ ተቀይሮ፣ ቤተሰብ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ካለ በኋላ በአራተኛው ቀን የእጥበት ማሽን የሚፈለግላት በሽተኛ ኩላሊቷ የተጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ወይም በመጀመሪያዋ ሌሊት ነው። በአራተኛው ቀን የሆነው የእኛ መንቃት ብቻ ነው።

ክሪያቲኒን ዘግይቶ የሚመጣ ምስክር ነው። ኩላሊት ግማሽ ጉልበቱን ቢያጣ እንኳ ቁጥሩ በግልጽ ከፍ የሚለው ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በልብና ሳንባ ማሽኑ በኩል የገባው ፈሳሽ ደሙን ስለሚያቀጥነው በመጀመሪያው ማለዳ ጭራሽ ቀንሶ ሊታይም ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የቫልቭ በሽተኛችን አብዛኛውን ጊዜ የሩማቲክ የልብ ሕመም ያከሳት ወጣት ናት። ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ጡንቻ የላትም። 48 ኪሎ የምትመዝን ልጅ እንውሰድ። ክሪያቲኒኗ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 0.5 ነበር፤ በማግስቱ 0.9 ሆነ። የላብራቶሪው ወረቀት ምንም ምልክት አላደረገበትም፣ በዙር ላይም «ኖርማል» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኬዲጎ መመሪያ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 ከጨመረ፣ ወይም በሰባት ቀን ውስጥ ከመነሻው አንድ ተኩል እጥፍ ከደረሰ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው ይላል። ልጅቷ ሁለቱንም አልፋለች።

ከክሪያቲኒን ቀድሞ የሚናገረው ሽንት ነው። ለዚች ልጅ ዝቅተኛው ልክ በሰዓት 24 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከዚያ በታች ስድስት ሰዓት ከቆየች ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ይህን የምታውቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን መስመር የምታነበው ነርስ ናት። ትደውላለች። እኛስ ምን እንላለን? «ላዚክስ 40 ስጪያት።» ሽንቱ ይወርዳል፣ ስልኩ ዝም ይላል፣ እኛም እንተኛለን። ላዚክስ ሽንት ያስወጣል እንጂ ኩላሊት አያድንም፤ ደም ጎድሏት ከሆነማ ይብስባታል። መጠየቅ ያለበት ግፊቷ ስንት ነው፣ ከደረቷ ቱቦ ስንት ደም ወጣ፣ በልቧ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ እያፈናት ይሆን ወይ የሚለው ነው። ለዓመታት በሚትራል ቫልቭ ችግር የሳንባዋ የደም ግፊት የጨመረ ከሆነ ደግሞ ቀኙ የልብ ክፍል ደክሞ ደም ወደ ኋላ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ፈሳሽ መጨመር ኩላሊቷን ይበልጥ ማፈን ነው። (ላዚክስ በሥርዓቱ ከተሰጠ መመርመሪያም ይሆናል፦ የደም መጠኗ ያልጎደለ በሽተኛ፣ ቀድሞም ስትወስደው የኖረች ከሆነ በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ተሰጥቷት በሁለት ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ካልሸናች፣ ጉዳቱ ሊከፋ እንደሚችል ያመለክታል።)

ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የክሊቭላንድ ክሊኒክ ነጥብ ከደም ምርመራ ክሪያቲኒንን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የቀረው የልብ ድካም፣ በኢንሱሊን የሚታከም ስኳር፣ ቀድሞ የተደረገ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና አስቸኳይነት እያለ ይቀጥላል። የተሠራው በአሜሪካ በሽተኞች ነውና ለእኛ ወጣቶች እንዳለ አይገለበጥም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ኢናላፕሪሏ ሳይቆም፣ ለወገቧ ሕመም ዲክሎፌናክ ትወጋ እንደሆነ ሳትጠየቅ፣ ተራዋ ደረሰ ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምትገፋ በሽተኛ ናት የምታስፈራኝ።

መድኃኒት የሚጠብቁ አሉ። «ኩላሊት ይከፍታል» የተባለው አነስተኛ ዶፓሚን እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ትልቅ ጥናት ምንም ጥቅም አላሳየም፤ አሁንም ሲታዘዝ አያለሁ፣ ያሳፍራል። ሮሱቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈተን ጭራሽ ጉዳቱን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 በ3,511 በሽተኞች የተሞከረው የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ ጉዳቱን ከ31.7 ወደ 26.9 በመቶ አውርዷል፤ ሞትን ግን አልቀነሰም። መልካም ነው፣ አልንቀውም። ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካው በጀርመን ሙንስተር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ነው። በሽንት ምርመራ ለአደጋ ቅርብ ናቸው የተባሉ 276 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ ላይ የተደረገው ግፊትንና የልብን ሥራ በቅርብ መከታተል፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት አለመስጠት፣ የነኢናላፕሪልን ወገን ለ48 ሰዓት ማቆም ነበር። ጉዳቱ ከ71.7 ወደ 55.1 በመቶ ወረደ። የእጥበት ፍላጎትንም ሆነ ሞትን በግልጽ አልቀነሰም፤ ይህንንም መደበቅ የለብንም። የሽንት መመርመሪያው ባይኖረንም የቀረውን ሁሉ ዛሬ ማድረግ እንችላለን። የጎደለን ተነስቶ የሚሄድ ሐኪም ነው።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። የመነሻ ክሪያቲኒኗ በካርዷ ፊት ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ በየማለዳው ከዚያ ጋር እንጂ ከላብራቶሪው ልክ ጋር አይነጻጸር። ሕመሟ በሌላ መድኃኒት ይታገስ እንጂ ዲክሎፌናክ አይግባ፤ ጄንታማይሲንም ያለ ብርቱ ምክንያት አይታዘዝ። ነርሷ ስትደውል የመድኃኒት ትእዛዝ በስልክ አትስጡ፤ ሄዳችሁ እዩ። ከሐኪም ቤት ስትወጣም ወረቀቷ ላይ በምታነበው ቋንቋ «ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሰጣት» ብላችሁ ጻፉ፤ የሰፈሯ ፋርማሲ ሳይጠይቅ ይሸጥላታልና። ኩላሊቷ ተጎድቶ ያገገመች ከሆነም፣ አገሯ ሩቅ ቢሆን እንኳ፣ በሦስተኛው ወር ክሪያቲኒኗ የሚለካበትን ቀን ቆርጣችሁ ስጧት።